ከቦሌ እስከ ናርጋ ሥላሴ፦ የበረራና የጀልባ ሰዓት እንዴት ይሰላል?

አክስቴ ዋሽንግተን ከሃያ ዓመት በላይ ኖረው ሲመጡ የቆየ ስለት ነበረባቸው፤ ደቅ ደሴት ሄደው ናርጋ ሥላሴን ሳይሳለሙ ላይመለሱ። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ በሚነሣው አውሮፕላን ነበር። እኔ ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ በጣቴ ለካሁና «37 ኪሎ ሜትር ናት፤ በአንድ ሰዓት እንደርሳለን» አልኋቸው። ከወደቡ የተነሣነው ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ናርጋ ስንደርስ 7 ሰዓት አልፏል። ተሳልመን ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር፤ ማዕበሉ ከኋላ እየመታ ጀልባዋን ወደ ጎን ስለሚጥላት ነጂው ሞተሩን ቀነሰ። «አይዞዎት እማማ፣ ቀስ ብለን እንገባለን» ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ከእጅ ሰዓታቸው ላይ አልተነቀለም። ወደቡ ላይ ስንወርድ 11 ሰዓት ተኩል ሆኗል። አክስቴ የረጠበ ነጠላቸውን እየጨመቁ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ስለታቸው ደረሰ፣ በረራው አመለጠ።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የእኔ ነው። ኪሎ ሜትሩን አየሁና ሰዓቱን ሳላሰላ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ዘመድም ሆነ እንግዳ ሲመጣ ጉዞውን በወረቀት ላይ ሳልጽፍ ቃል አልሰጥም። ዘዴው መደመርና ማካፈል ለሚችል ሰው ሁሉ ይሆናል፤ ለባሕር ዳርና ለጣና ብቻ ሳይሆን የትም ላሉ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎችም ያገለግላል። እስክሪብቶ ይያዙና አብረን እናስላ።

መጀመሪያ፦ የቲኬቱን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት ይመልሱ

በረራ የሚያመልጠው በመንገድ መዘጋት ብቻ ሳይሆን በሰዓት አቆጣጠር ልዩነትም ነው። ቲኬትዎ ላይ 07:00 ተብሎ ከተጻፈ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። 13:00 ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ 19:00 ከምሽቱ 1 ሰዓት። ጀልባ ነጂው ደግሞ በቲኬት ሰዓት አይነጋገርም። «ነገ በ12 እንነሣ» ካለዎት ገና ጎሕ ሲቀድ ማለቱ ነው። ስለዚህ በወረቀትዎ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይጻፉ፤ እኔ በአገራችን አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ከጎኑም «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚለውን ቃል ሳልጨምር አላልፍም።

ከሁሉ የሚያሳስተው የሌሊት በረራ ነው። ለእኛ ቀን የሚቀየረው ሲነጋ ነው፤ ለቲኬቱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተቀይሯል። «ማክሰኞ 00:30» የሚል ቲኬት የያዘ ሰው ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሆኖታል። ለእናት ለአባት ቲኬት የምትልኩ ልጆች ይህችን አንዲት ነገር በስልክ በቃል አስረዱ፤ ወረቀቱን ብቻ ልኮ መተው አይበቃም።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ጋር ይገጥማል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ጊዜ ግን ወደ 12 ይገፋል፣ ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። የበዓል ጉዞ ሲይዙ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ።

ቀጥሎ፦ ቀጥታውን ርቀት ያስሉ

አውሮፕላን እንደ መኪና አይጠማዘዝም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣቱ አለ፣ ጎጃምን በሙሉ ማቋረጡ አለ። በአየር ያለው ርቀት ስንት ነው? ይህን ለማወቅ የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ማወቅ ይበቃል፤ ስልክዎ ላይ ካርታውን በጣትዎ ተጭነው ቢይዙ ሁለት ቁጥሮች ይወጡልዎታል።

ቦሌ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ ነው። የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ 11.61 ሰሜን፣ 37.32 ምሥራቅ። የሰሜን ቁጥሮቹን ያቀናንሱ፤ 2.63 ይመጣል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 2.63 ጊዜ 111፣ 292 ኪሎ ሜትር ነው። የምሥራቅ ቁጥሮቹ ልዩነት 1.48 ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ በተጠጉ ቁጥር እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ በእኛ አካባቢ አንዱ ዲግሪ 109 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ 1.48 ጊዜ 109፣ 161 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው በትምህርት ቤት የተማርነው የቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት ስሌት ነው። 292ን በራሱ ያባዙ፣ 161ን በራሱ ያባዙ፣ ይደምሩ፣ ስኩዌር ሩት ያውጡ። 333 ኪሎ ሜትር።

ለአገር ውስጥ ጉዞ ይህ ስሌት ከእውነተኛው ርቀት ብዙም አይርቅም። ለአህጉር አቋራጭ ጉዞ ግን አይሆንም፤ መሬት ክብ ናትና የጠፍጣፋ ወረቀት ሕግ እየሳተ ይሄዳል። ያን ጊዜ የትምህርት ቤት ሉል ካገኙ ክር ይዘው ከከተማ እስከ ከተማ ወጠር አድርገው ይዘርጉ። የክሩን ርዝመት በሉሉ ላይ ካለው የምድር ወገብ ዙሪያ ጋር ያነጻጽሩ፤ የምድር ወገብ 40,075 ኪሎ ሜትር ነው። ልጆች ካሉዎት አብረዋቸው ይሞክሩት። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተዘረጋ ክር በአውሮፓ ሰማይ አልፎ ወደ ሰሜን ሲጎብጥ ያያሉ፤ አውሮፕላኑም በዚያው ነው የሚሄደው። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

ርቀቱን ወደ በረራ ሰዓት መለወጥ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመር በብዛት የሚያበርረው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩን ኪው 400 ነው። ሽቅብ ወጥቶ ሲረጋጋ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 333ን ለ650 ቢያካፍሉ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይወጣል፤ ቲኬትዎ ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚለው። ልዩነቱ ከየት መጣ? አውሮፕላኑ በመሬት ላይ እየተንከባለለ ተራ ይጠብቃል፤ ይነሣል፤ ከፍታ እስኪይዝ ቀስ ይላል፤ ሲወርድም ዞሮ መስመሩን ይይዛል። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ደንቡ ይህ ነው፦ ለአጭር በረራ ርቀቱን ለ650 ያካፍሉና ግማሽ ሰዓት ይደምሩ፤ ለረጅም በረራ በጄት ሲሆን ለ900 ያካፍሉና ያንኑ ግማሽ ሰዓት ይደምሩ። 11,500 ለ900 ሲካፈል 13 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ የሚመጣ መንገደኛ አየር ላይ የሚቆየውም ይህን ያህል ነው።

መመለሻው ግን የተለየ ነው፤ ይህን ዘመድ የሚሸኝ ሰው ልብ ይበል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ ማረፊያ ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በሳሳ አየር ውስጥ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ስለሚያጡ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ መነሣት ይከብዳል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን በመንገድ አርፎ ነዳጅ መሙላቱ የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ለመጪው ደጋፊ፣ ለሂያጁ ተቃራኒ ነው። ርቀቱ ያው ነው፤ ሰዓቱ ግን ይለያያል። በጣናም ላይ ይህንኑ ነገር እናገኘዋለን።

ሁለት ነጥቦችን ሳይሆን መስመሩን ይጠይቁ

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሁለት ቦታዎች መካከል ቀጥታ ርቀት መኖሩ ቀጥታ በረራ አለ ማለት አይደለም። ራቅ ያለ ምሳሌ ልስጥ። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉትን ሁለት የደሴት አውሮፕላን ማረፊያዎች፣ ዛንዚባርንና የሲሸልሱን ማሔን ይመልከቱ። ከላይ ባሰላነው መንገድ በመካከላቸው 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደንባችን በጄት ሁለት ሰዓት ተኩል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ይበርራል፤ የሚበርረው ግን ከአዲስ አበባ ነው። ከዛንዚባር ቦሌ ወደ 1,700፣ ከቦሌ ማሔ ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር። በአጠቃላይ ከ4,000 በላይ ይሆናል፤ ቦሌ ላይ ሌላውን አውሮፕላን የሚጠብቁበት ሰዓት ገና አልተቆጠረም። ጎረቤት የሚመስሉ ደሴቶች ሩቅ አገር ሆኑ ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ባሕር ዳርና ጎንደር እንዲሁ ናቸው። ከበላይ ዘለቀ እስከ ጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን በአዲስ አበባ ዞራለሁ ካሉ 333 ሲደመር 420፣ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይበርራሉ። በመኪና ግን 180 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሦስት ሰዓት ያህል። «ሰላም ሲሆን» ያልሁት በምክንያት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ እንቅስቃሴ የሚገደብበት ጊዜ አለ። ትናንት የተባለው ለዛሬ አይሠራምና በየብስም በሐይቅም ከመነሣትዎ በፊት በዚያው ዕለት እዚያው ያለ ሰው ይጠይቁ።

መሬት ላይ የሚያልቀው ሰዓት

ይህን በአጭሩ ላሳልፈው። ለአገር ውስጥ በረራ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድመው ይገኙ፤ ፍተሻው ከበሩ ይጀምራል፣ ሰልፉ የበዓል ሰሞን ይረዝማል። የባሕር ዳሩ ማረፊያ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው፤ መኪና እስኪያገኙ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይያዙ። ሲያርፉም ሻንጣ እስኪወጣና ከተማ እስኪደርሱ አንድ ሰዓት ይመድቡ። እንግዲህ የአንድ ሰዓቷ በረራ ከቤት እስከ ሆቴል ሲቆጠር አምስት ሰዓት ትጠጋለች።

አሁን ወደ ሐይቁ

ጣና በርዝመቱ 84፣ በስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ተንጣልሏል። 37 ደሴቶች አሉት ይባላል። የሚገርመው ግን ጥልቀቱ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ለተጓዥ ትርጉም አለው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ጀልባን እየደጋገመ የሚመታ ይሆናል።

ነፋሱም የራሱ ሰዓት አለው። ጠዋት ውኃው እንደ መስታወት ነው። ፀሐይ እየበረታ ሲሄድ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው ሞቃት አየር ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቃዛው የሐይቁ አየር ቦታውን ሊሞላ ይመጣል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስለሆነች ይህ የቀን ነፋስ ከሰሜን ወደ ከተማዋ ይነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ሰው ማዕበሉን በግንባሩ ይጋፈጣል፤ የሚመለሰው ከኋላው ይገፋዋል፣ ግን እንደ አክስቴ ጉዞ ጀልባዋ እንዳትዞር ነጂው ፍጥነት መቀነሱ አይቀርም። በሁለቱም በኩል ሰዓት ይበላል።

የኪራይ ጀልባዎች፣ እኛ ኮንትራት የምንላቸው፣ በረጋ ውኃ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳሉ ብዬ ነው የማሰላው። በዚህ ደንብ፦

ዘጌ ከወደቡ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ሰዓት። ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን አይተው፣ በቡና ጫካው ውስጥ ተራምደው ከምሳ በፊት ይመለሳሉ። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ከዚያ ይቀርባሉ።

ጣና ቂርቆስ በምሥራቁ ዳርቻ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት 800 ዓመት የተቀመጠችበት ነው ተብሎ የሚታመን ገዳም ነው።

ደቅ ከሁሉም ትልቁ ደሴት ሲሆን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሦስት ሰዓት። ናርጋ ሥላሴ በምዕራብ በኩል ናት፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት፣ ራሳቸውም ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው የተሣሉባት። አጠገቡ ያለችው ዳጋ እስጢፋኖስ ከይኩኖ አምላክ እስከ ፋሲለደስ የበርካታ ነገሥታት ዐፅም ያረፈባት ናት።

ጎርጎራ በሰሜኑ ጫፍ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ነው። በቀጥታ ቢኬድ አምስት ሰዓት ተኩል ይበቃ ነበር። ሆኖም ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንዴ የሚነሣው የሕዝብ ጀልባ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላ፣ በደልጊ እያቆመ ስለሚሄድ መንገደኛው ቁንዝላ አድሮ በማግስቱ ነበር የሚገባው። ማሔና ዛንዚባር ላይ ያየነው ነገር ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው መስመሩ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ለጣና የመጣችው «ጣናነሽ 2» ጀልባ ይህን የሐይቅ ጉዞ እንድታቀል ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎባታል፤ የጉዞ ቀኗንና የምታቆምባቸውን ቦታዎች ወደቡ ላይ ጠይቀው ያረጋግጡ።

ከሰዓት በኋላ ለሚሄዱበት ርቀት ሁሉ የሰዓቱን ሲሶ ይጨምሩ። ሦስቱ ሰዓት አራት ይሆናል። ክረምት ከሆነ ዝናቡንም ያስቡ፤ ደመና በሰሜን በኩል ሲጠቁር ነጂው «እንመለስ» ካለ አይከራከሩት።

እንዲህ ያለውን ሒሳብ ከሁሉ በፊት የሚያውቁት የታንኳ ሰዎች ናቸው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በጭብጥ በጭብጥ ተደርጎ በልጥ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ዘጌ ላይ ቆመው ሲጫን ቢያዩት ግንድ በግንድ ላይ እየተደረበ እንጨቱ ከቀዛፊው ወገብ በላይ ይቆለላል፤ ታንኳዋ እስከ ከንፈሯ ውኃ ውስጥ ትገባለች። ቀዛፊው ከእንጨቱ ኋላ ተቀምጦ ረጅሙን መቅዘፊያ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያጠለቀ ይነሣል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ መንገድ ላይ የቆየ ታንኳ እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ጭነት የያዘ ሰው ቀትርን አይጠብቅም፤ ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሥቶ ነፋሱ ሳይነሣ ይገባል። ሲደርስም ታንኳውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። እኔ ካርታ ከማየቴ በፊት ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ብጠይቅ ኖሮ አክስቴ አውሮፕላናቸው ባላመለጣቸው።

ሁለት ነገር ደግሞ ስሌቱን ያዛባል። አንዱ የውኃው መጠን ነው። ሐይቁ በመስከረም ይሞላል፣ በሰኔ ይጎድላል። በ1995 ዓ.ም. ከመጠን በላይ ጎድሎ ጀልባዎች እስከ መቆም ደርሰው ነበር። ከግንቦት እስከ ሰኔ የሚሄድ ሰው ጀልባው ዳር መጠጋት አቅቶት በውኃና በጭቃ ውስጥ የሚራመድበት ደሴት ሊያጋጥመው ይችላል፤ እናቶችን ይዘው ከሆነ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ። ሌላው እምቦጭ ነው። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜን ምሥራቁ በኩል የታየው አረም ዛሬ በነፋስ እየተነዳ ቦታ ይለዋውጣል። የሞተሩ ማዞሪያ ላይ ሲጠመጠም ነጂው ሞተር አጥፍቶ በእጁ መንቀል አለበት። ወደ ደምቢያና ፎገራ ዳርቻ ከሆነ ጉዞዎ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩለት።

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቁጠሩ

ሁሉም ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ከመነሻው አይጀምሩ፤ ከማይጠብቀው ነገር ይጀምሩ። የማይጠብቀው አውሮፕላኑ ነው። የአክስቴን ቀን ዛሬ ባሰላው እንዲህ ይሆን ነበር፦

በረራው ከቀኑ 12 ሰዓት። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ 10 ሰዓት። ወደ ማረፊያው መንገድ ግማሽ ሰዓት፣ 9 ተኩል። ልብስ መቀየር፣ እህል መቅመስ፣ ሻንጣ ማንሣት አንድ ሰዓት፣ 8 ተኩል ላይ ወደቡ ላይ መሆን ነበረብን። መመለሻው በነፋስ አራት ሰዓት፤ ስለዚህ ከናርጋ የምንነሣው ከጠዋቱ 4 ተኩል። መሳለሚያና ማረፊያ አንድ ሰዓት ተኩል፤ መድረስ የነበረብን 3 ሰዓት። መሄጃው ሦስት ሰዓት፤ ከባሕር ዳር መነሣት የነበረብን ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። እኔ 4 ሰዓት ላይ አስነሣኋቸው። ናርጋን ለቀን ወጥተን መንገድ መጀመር የሚገባን ሰዓት ሲቃረብ እኛ ገና የባሕር ዳርን ወደብ እየለቀቅን ነበር።

በ12 ብንነሣ እንኳ አንዲት ደቂቃ ትርፍ የለበትም። የሞተሩ ካንዴላ ቢበላሽ፣ ነዳጅ ቢያልቅ፣ ቄሱ ቅዳሴ ላይ ቢሆኑ ሁሉም ይፈርሳል። ገዳም ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ቅዳሴ ሳያልቅ በሩ አይከፈትልዎትም፣ «አውሮፕላን ይዞኛል» ማለትም አይገባም። በዚህም የተነሣ በረራ ያለበትን ቀን ከደቅ ጉዞ ጋር አላገናኝም።

በአንድ ቀን ጣና ቂርቆስን፣ ዳጋንና ናርጋን ዞሬ እመጣለሁ የሚልም ያጋጥመኛል። ዙሩ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ13 ሲካፈል ስምንት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ለየገዳሙ አንድ አንድ ሰዓት ሲጨመር አሥራ አንድ፤ የከሰዓቱ ነፋስ ሲታከልበት ጨለማ ሐይቁ ላይ ያገኝዎታል። በሁለት ቀን ይክፈሉት።

ከነጂው ጋር ሲዋዋሉ ዋጋውን ብቻ አይነጋገሩ። የሚነሣበትን ሰዓት፣ በየደሴቱ የሚጠብቅዎትን ሰዓት፣ የሚመልስዎትን ሰዓት ይነጋገሩ፤ ሂሳቡንም ከፊሉን ሲመለሱ ይክፈሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ሳያዩ አይሳፈሩ፤ «አያስፈልግም፣ ቅርብ ነው» የሚል መልስ ከሰጠዎት ሌላ ጀልባ ይፈልጉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች ያልተፈቀዱ ገዳማት ናቸው፤ ሌሎቹንም አስቀድመው ይጠይቁ፣ ሦስት ሰዓት ተጉዘው ጀልባ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ እናቶችን አይቻለሁና። ውኃ፣ ደረቅ ስንቅ፣ የፀሐይ ቆብና አንድ ትርፍ ልብስ ይያዙ።

አክስቴ በዓመቱ ተመልሰው መጡ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ባሕር ዳር ገብተው አረፉ። በሁለተኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደቡ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ዛሬስ ሰዓቱን ቆጥረሃል?» አሉኝ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ናርጋ ደረስን፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ገባን፣ ነፋሱ ሳይበረታ ተመለስን። በረራቸው በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነበር።

ስለዚህ ደቅ ለመሄድ ለሚያስብ ሁሉ የምለው ይህ ነው፦ ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት ይደሩ፣ መካከለኛውን ቀን በሙሉ ለሐይቁ ይተዉት፣ ጀልባዎም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሣ።